የሐይቅና የወንዝ ዳርቻ በምን ደንብ ይተዳደር?

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር





ለዚህ ጉባኤ የተመረጠው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። በከተማ ዳር ያለ ሐይቅ፣ በከተማ መካከል የሚያልፍ ወንዝ፣ በዳርቻውም የተተከለ መናፈሻ በምን ደንብ ይተዳደር የሚለው ጥያቄ ለዘበኛና ለሰሌዳ ጻፊ የሚተው ጥቃቅን ነገር ሆኖ ይታያል። «መዋኘት ክልክል ነው»፣ «ቆሻሻ መጣል ያስቀጣል» የሚሉ ጽሑፎችም በየዳርቻው ተሰቅለው ይነበባሉ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ከሰሌዳው በስተጀርባ ያለው ሥራ የባለሙያው ሥራ ሆኖ ይገኛል። ዳርቻው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ መስመሩን የሚያሠምረው ቀያሹ ነው። በመስመሩ ውስጥ ምን እንደሚተከልና ምን እንደሚሠራ የሚያቅደው የከተማ ፕላን ባለሙያውና አርክቴክቱ ነው። የሰፈሩ ፍሳሽ ወዴት እንደሚወርድ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። የደንቡን ረቂቅ የሚያዘጋጀውም የሕግ ባለሙያው ነው። እነዚህ ወገኖች ሳይነጋገሩ የተሰቀለ ሰሌዳ የሚያስተዳድረው ነገር የለውም።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በኢትዮጵያ ውሃንና ዳርቻን የሚመለከት ሕግ አልጠፋም። የጎደለው ሕጉን ከአንድ ከታወቀ ዳርቻ ጋር የሚያገናኝ፣ ተጠቃሚዎቹን አንድ በአንድ የሚጠራ፣ ለእያንዳንዱም ቦታና ጊዜ የሚለይ የአካባቢ ደንብ ነው። ሁሉን በአንድነት የሚከለክል ደንብ ልብስ አጣቢዋንና ዓሣ አጥማጁን ያባርር ይሆናል፤ ውሃውን ግን አያድንም።

የሕጉ ይዞታ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በሚፈስም ሆነ በረጋ ውሃ የመጠቀም ቅድሚያ የማኅበረሰቡ እንደሆነ ደንግጓል። ለሕዝብ ጥቅም የተመደበ የመንግሥት ሀብት ከጊዜ ብዛት የተነሣ የግል ሊሆን እንደማይችልም በዚሁ ሕግ ተጽፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሏል፤ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለውም አረጋግጧል። ቀጥሎም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፣ በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአካባቢ ብክለት ቁጥጥርና የዓሣ ሀብት አዋጆች፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣውም የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ እያንዳንዳቸው የጉዳዩን አንድ ወገን ይዘው ወጥተዋል።

ከነዚህ ሁሉ ለርእሱ የሚቀርበው አዋጅ ቁጥር 197 ነው። አዋጁ ሥልጣን የተሰጠው አካል የውሃ ዳርቻዎችን ወሰን ሊከልል፣ በተከለለውም ወሰን ውስጥ ዛፍና ቁጥቋጦ መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን ሊከለክል እንደሚችል ይናገራል። በሌላ በኩል ጉድጓድ በእጅ ቆፍሮ ውሃ መጠቀምን፣ ባህላዊ መስኖን፣ በባህላዊ መንገድ ከብት ማርባትንና የውሃ ወፍጮን ከፈቃድ ግዴታ ነጻ አድርጓል። ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛው፣ ሕግ አውጪው የቆየውን ተጠቃሚ እንዳልዘነጋው ነው። ሁለተኛው፣ አዋጁ የመከለል ሥልጣን ሰጠ እንጂ መስመሩን ራሱ እንዳላሠመረ ነው። መስመር ማሥመር በየአካባቢው የሚከናወን ሥራ ነውና።

የሥልጣን ክፍፍልም በዚሁ ላይ ይጨመራል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከአንድ ክልል በላይ የሚያካልሉ ወይም ከአገር ወሰን የሚያልፉ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀም የሚወሰነው በፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ መሬትና ሌላውን የተፈጥሮ ሀብት ግን በፌዴራል ሕግ መሠረት የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው። የሐዋሳ ሐይቅ በሲዳማና በኦሮሚያ ክልሎች መካከል ይገኛል። ጣና ደግሞ የዓባይ መነሻ ነው። ስለሆነም ውሃው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ዳርቻው በሌላ፣ በዳርቻው ላይ የሚሰጠው የቤት ሥራ ፈቃድ በሦስተኛ መሥሪያ ቤት እጅ ይወድቃል። ሦስቱም በየበኩላቸው ሕጋዊ ሥራ እየሠሩ ዳርቻው ባለቤት አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ዳርቻው የት ነው?

ሐይቅ በአንድ ቦታ የቆመ አይደለም፤ ይሞላል፣ ይጎድላል። የጣና ውሃ ክረምቱ ሲያበቃ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ብሎ በሰኔ ግድም ዝቅ ይላል። በዚህም መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ይለዋወጣል። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ በመሰለ ለጥ ያለ መሬት ይህ ከፍታ በአግድም ሲለካ ሰፊ መሬት ነው። ውሃው የሚለቀውን ይህን መሬት የአካባቢው ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ እርጥበቱ ሳይጠፋም ያርሰዋል። በ1988 ዓ.ም. በጨረጨራ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ ደግሞ የሐይቁን ከፍታ በከፊል በሰው እጅ አደረገው። እንግዲህ «ከሐይቁ ዳር ይህን ያህል ሜትር» የሚል ደንብ ሲጻፍ፣ ሜትሩ የሚቆጠረው ከመስከረሙ ዳር ነው ወይስ ከሰኔው? ይህ ካልተለየ ደንቡ በበጋ ቤት ለሚሠራው ፈቃድ፣ በክረምት ቤቱ ለሚጥለቀለቅበት ደግሞ ክስ ይሆናል።

የሐዋሳ ሐይቅ የሚያስገነዝበው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሐይቅ የገጸ ምድር መውጫ የለውም። ከጨለለቃ ረግረግ የሚነሣው ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በዙሪያው ያለው ተራራ ሲመነጠር፣ አፈሩም ወደ ረግረጉና ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ ውሃው ከፍ እያለ ከተማውን ሲያሰጋ ታይቷል፤ በከተማው በኩልም የመከላከያ ግድብ ለመሥራት ግድ ሆኗል። መውጫ የሌለው ሐይቅ የገባበትን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሐይቅ ዳርቻው ከረግረጉ ጀምሮ መታሰብ አለበት እንጂ ከመናፈሻው አጥር መጀመር የለበትም።

የወንዝ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። የአዲስ አበባ ወንዞች፣ ቀበናው፣ ቀጨኔው፣ ባንትይቀጡው፣ ሌሎቹም፣ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥተው ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ። እነዚህም በአባ ሳሙኤል ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከተማው ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ800 ሜትር በላይ ስለሚያቆለቁል፣ በበጋ ቀጥ ያለ የመሰለው ወንዝ በሐምሌ ድንገት ይሞላል። ለቁልቁሉ ገደልና በታች ላለው ለጥ ያለ ሜዳ አንድ ዓይነት የስፋት ቁጥር መስጠት በካርታ ላይ ያምራል፤ በምድር ላይ ግን በአንደኛው በኩል ያለ ምክንያት ሰው ያፈናቅላል፣ በሌላው በኩል ሰውን ለጎርፍ አሳልፎ ይሰጣል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የዳርቻው መስመር በብዙ ዓመት ከተመዘገበው ከፍተኛ የውሃ ልክ ይነሣ፤ እንደ መሬቱ ተዳፋትና እንደ አፈሩ ጠባይ ይስፋ ወይም ይጥበብ፤ ረግረጉንና ደንገሉን በውስጡ ይያዝ፤ በመጨረሻም በካርታ ብቻ ሳይቀር በድንጋይ ችካል በምድር ላይ ይተከል። ችካል የሌለው ወሰን በአንድ ቀን አይፈርስም። አንዱ አጥሩን ሁለት ክንድ ይገፋል፣ ሌላው አፈር ይደፋል፣ ሦስተኛው በተደፋው አፈር ላይ ሰንበሌጥ ተክሎ ማረፊያ ይሠራል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤ በዳርቻ ጉዳይ ግን እያሳሳቀ የሚወስደው ሰው ነው።

የቆየው የውሃ ወግ

የአካባቢ ደንብ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በገጠር ምንጭ ላይ ከዓይኑ የሚቀዳው የመጠጥ ውሃ ነው፤ ከብት የሚጠጣው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ደግሞ ከከብቱ በታች ነው። ይህን ቅደም ተከተል በጽሑፍ ያወጣው ማንም የለም፤ ሲተላለፍ ግን መንደሩ ዝም አይልም። በመስኖ በሚታረስበት አገር ተራ የሚያስከብረውና ጠብ የሚዳኘው በገበሬዎቹ የተመረጠው «የውሃ አባት» ነው። በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ደግሞ የየዕለቱን የከብት ማጠጣት ተራ የሚቆጣጠር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሹም አለ። ጉድጓዱን የቆፈሩት ወገኖች ቀዳሚ መብት አላቸው፤ ቢሆንም ሌላው በሥርዓቱ መሠረት ተራ ይሰጠዋል።

ለሐይቅ ዳርቻ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የዘጌ ነው። በጣና ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በዚህ ባሕረ ገብ መሬት፣ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር በተያያዘ ትውፊት ምክንያት ማረስና ከብት ማርባት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ኑሮው ከዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡናና በመሳሰለው ላይ ተመሠረተ። በጣና ዙሪያ ብዙው ዳርቻ ሲራቆት የዘጌ ደን የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። ደንቡ የቆመው ከሃይማኖቱ ክብር ባሻገር ሕዝቡ በምን እንደሚተዳደርም መልስ ስለነበረው ነው፤ እርሻን ቢከለክል ቡናን ሰጥቷልና።

እነዚህ ወጎች የሚጋሩት ነገር አለ። ወሰናቸው በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ቅደም ተከተል አላቸው። ጠባቂው በስሙ የሚታወቅና ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የተቀበሉት ሰው ነው። ቅጣቱ በተግሣጽ ጀምሮ በየደረጃው ያድጋል። ለመንገደኛም የመጠጥ ውሃ አይከለከልም። ዛሬ በከተማ የሚወጡ ደንቦች ከእነዚህ አምስት ነገሮች ስንቱን እንደያዙ ቢመረመር ውጤቱ ብዙ የሚያኮራ አይሆንም።

ደንብና ጠባቂ ሲጠፉ የሚመጣውን ለመረዳት የሐረማያን ሐይቅ ማስታወስ ይበቃል። ሐይቁ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬም ለጫትና ለአትክልት ውሃ በፓምፕ ይስብ ነበር፤ ከተራራው የሚወርደው አፈርም ይሞላበት ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ከየወገኑ የተወሰደው ውሃ ለየብቻው ሲታይ ምክንያት ነበረው፤ ድምሩን የሚይዝ ግን አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ውሃው በከፊል መመለሱ ደስ ያሰኛል። የተመለሰው ውሃ ያለ ደንብ ከተተወ ግን ያው መንገድ ይጠብቀዋል።

ተጠቃሚዎቹና ድርሻቸው

የአንድ ዳርቻ ደንብ ሲረቀቅ መጀመሪያ መደረግ የሚገባው ተጠቃሚዎቹን በቦታቸው ተገኝቶ መቁጠር ነው። የሚገኙትም ብዙ ናቸው፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ጀልባ ነጂ፣ ልብስ አጣቢ፣ የላቫጆ ሠራተኛ፣ ከብት አጠጪ፣ አትክልት አልሚ፣ ዋናተኛ፣ ምእመን፣ ሙሽራና ሚዜ፣ ሆቴል፣ ለእግር ጉዞ የወጣ ሽማግሌ፣ ኳስ የሚጫወት ልጅ። ለእነዚህ ሁሉ «ክልክል ነው» ወይም «ይፈቀዳል» ብሎ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም።

ከልብስ አጣቢዋ ይጀመር። ቤቷ ቧንቧ የሌላት ሴት ወንዝ እንዳትወርድ ቢከለከል፣ ማለዳ ዘበኛው ሳይመጣ ትወርዳለች፤ አለዚያም ወደ ላይኛው፣ ውሃው ይበልጥ ንጹሕ ወደሆነበት ትሄዳለች። ውሃው ከሳሙናው አይድንም። ከዳርቻው ፈቀቅ ብሎ፣ ፍሳሹ ወደ ማጥለያ ጉድጓድ የሚወርድ የልብስ ማጠቢያ ስፍራ ከተሠራ ግን ክልከላው ትርጉም ያገኛል። ለላቫጆውም ነገሩ ያው ነው፤ የዘይትና የቅባት ማጣሪያ ያለው ቦታ ሳይሰጥ የሚጣል መቀጫ የንግድ ወጪ ሆኖ ይቀራል።

ዋናን በተመለከተ እያንዳንዱ ሐይቅ የራሱ ጠባይ አለው። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠሩ ናቸው። ቢሾፍቱ የሚባለው ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ከዳር ጥቂት ፈቀቅ ሲባል እግር መሬት ያጣል። ስለዚህ በዚያ የሚያስፈልገው በተንሳፋፊ ምልክት የታጠረ ጠባብ የዋና ስፍራና ሰው ማዳን የሚችል ጠባቂ ነው። በሐዋሳና በጣና ጥልቀት በሌለው ሣራማ ውሃ ደግሞ የሚያሰጋው ቢልሃርዚያ ነው። በሽታው በሰው ዓይነ ምድር ተነሥቶ በቀንድ አውጣ በኩል ወደ ቆዳ ይመለሳል። እንግዲህ በነዚህ ዳርቻዎች የዋና ደንብ የመጀመሪያው አንቀጽ መጸዳጃ ቤት ነው። መጸዳጃ ቤት ሳይሠራ «መዋኘት ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ ውጤቱን ትቶ ከምልክቱ ጋር መሟገት ነው። ጉማሬ በሚወጣበት ዳር ደግሞ የመሸ ሰዓት መለየት አለበት።

የዓሣ ማጥመድ ደንብም ወቅት ያውቃል። በጣና ሐይቅ ብቻ የሚገኙ፣ ባርባስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ዐሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች አሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ተሰብስበው እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የዓመቱን ሳይሆን የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ያወጣል። የወንዙ አፍ በነዚያ ወራት ቢዘጋና ሐይቁ በቀረው ወቅት ቢከፈት፣ አጥማጁ የሚያጣው ጥቂት፣ የሚያተርፈው ብዙ ነው። ይህን ከራሱ ከአጥማጁ የተሻለ የሚያውቅ የለምና፣ ረቂቁ ከእርሱ ጋር መጻፍ ይኖርበታል። ለሞተር ጀልባም የሰው ቁጥር ልክ በጎኑ ላይ ይጻፍ፤ ለየተሳፋሪው የመንሳፈፊያ ጃኬት ይኑር፤ ደንገል ባለበትና ታንኳ በሚቀዘፍበት ዳር ፍጥነቱን ይቀንስ።

የእምነት አገልግሎትም በደንቡ ውስጥ ቦታ ይሻል። በየከተማው የጥምቀተ ባሕር ስፍራ አለ፤ በጎንደር የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚሳብ ውሃ ይሞላል። በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ በየዓመቱ ኢሬቻ ይከበራል። ዳርቻን ለእነዚህ በዓላት ክፍት አድርጎ መያዝ የከተማ ፕላን ግዴታ ነው፤ ክፍት ማድረግ ብቻ ግን አይበቃም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በኢሬቻ በዓል ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ከተኮሰ በኋላ በተፈጠረው መረጋገጥ ብዙ ሰዎች፣ ከነዚህም በአካባቢው ባለ ጉድጓድ ውስጥ የወደቁ፣ ሕይወታቸውን አጥተዋል። የዚያን ቀን ኀላፊነት የማን እንደሆነ መመርመር የሌላ መድረክ ነው። በባለሙያው በኩል ግን የሚቀር ትምህርት አለ። ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ዳርቻ ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ፣ በስንት በር እንደሚወጣ፣ ገደሉና ቦዩ በምን እንደሚታጠር አስቀድሞ በደንብ ሊጻፍ ይገባዋል።

መተላለፊያና ክፍያ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሕዝቡ ወደ ዳርቻው በምን በኩል ይደርሳል የሚለው ነው። ሐይቁ በሕግ የሕዝብ ነው። ነገር ግን ዙሪያው በሆቴልና በግል ግቢ ከተከበበ፣ ውሃው ከሩቅ የሚታይ ሥዕል ይሆናል። በቢሾፍቱ ከአንድ በላይ በሆነ ሐይቅ ዙሪያ ይህ ይታያል፤ ተወልዶ ያደገበትን ሐይቅ ለመንካት የሻይ ዋጋ መክፈል ያለበት ሰው ጥቂት አይደለም። የሆቴሉ ባለቤት ሕግ ጥሷል ለማለት አይቻልም፤ ቦታውን በሊዝ ወስዷልና። ጉድለቱ ቦታው ሲሰጥ በውሃውና በአጥሩ መካከል የሕዝብ መሄጃ ሳይተው መሰጠቱ ነው። ከሆቴሉ በኋላ መንገድ ማስወጣት ካሣ ያስከፍላል፤ ከሆቴሉ በፊት ግን የሚያስከፍለው አንድ የእርሳስ መስመር ብቻ ነው።

በመናፈሻም በኩል ያው ጥያቄ አለ። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት በጠቅላላው 56 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በከተማው ብዙ መናፈሻዎች ተሠርተዋል። ለዓመታት ከቆሻሻ መጣያ በቀር ሌላ ስም ያልነበረው ዳርቻ ሰው የሚሄድበት ሲሆን ማየት ትልቅ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የወንዝ ዳርቻ ልማትንና የብክለት መከላከልን የሚመለከት ደንብ አውጥቶ በአጥፊዎች ላይ መቀጫ መጣል መጀመሩም የሚመሰገን እርምጃ ነው። ሆኖም የተዋበ ዳርቻ ጥያቄው አላበቃም። በዳርቻው ይኖር የነበረው ሰው የት ሄደ? በአቃቂ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ ያበቅል የነበረው አልሚስ? የመናፈሻው መግቢያ ስንት ነው? ክፍያ ተገቢ የሚሆነው ለሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ ለጀልባው፣ ለመጫወቻው፣ ለሙሽሮች ፎቶግራፍ። ውሃውን አይቶ በእግር ለማለፍ ግን ክፍያ ሊኖር አይገባም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሣርና በአበባ መካከል የሚያልፈው ውሃ ራሱ ካልጸዳ፣ መናፈሻው የተሠራው ለወንዙ ሳይሆን ወንዙን ለመርሳት ይሆናል። ከላይ ያለው ሰፈር ፍሳሹን ሲለቅ፣ ፋብሪካውም ሳያጣራ ሲደፋ፣ ከታች ወረቀት የጣለውን ልጅ መቅጣት ፍትሕ አይባልም።

ጠባቂውና መቀጫው

ደንብን የሚያኖረው አስከባሪው ነው። ደንብ አስከባሪው ከሌላ ሰፈር መጥቶ በየወሩ የሚቀያየር ከሆነ፣ አጥማጁን ከነጋዴው፣ በጋውን ከክረምቱ መለየት ያስቸግረዋል። የዳርቻው ጠባቂ ከአጥማጆች ማኅበር፣ ከጀልባ ነጂዎች፣ ከአካባቢው ዕድር፣ ከቤተ እምነቶችና ከወረዳው በተውጣጣ ኮሚቴ የሚታወቅ ሰው ቢሆን፣ የቀድሞው የውሃ አባት በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። መቀጫው ወደ ጠቅላላ ግምጃ ቤት ገብቶ ከጠፋ፣ ተጠቃሚው እንደ ተጨማሪ ግብር ያየዋል። ለዚያው ዳርቻ መጸዳጃ፣ ለችካሉ ጥገና፣ ለጠባቂው ደመወዝ ሲውል ካየ ግን ራሱ ጥቆማ ይሰጣል።

የእንቦጭ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው ይህ አረም በጥቂት ዓመታት ሰሜናዊውን ዳርቻ ሲሸፍን፣ ገበሬዎች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል፤ ከሩቅ ከተማም ወጣቶች ሄደው አግዘዋል። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሕዝቡ ሐይቁን አይወድም ማለት አይቻልም። ነገር ግን እንቦጩን የሚመግበው ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ደለልና ማዳበሪያ ስለሆነ፣ ዘመቻው ሲያበቃ አረሙ ተመልሶ ይበቅላል። ዘመቻ ደንብን አይተካም፤ ዘመቻ የወጣውን ሕዝብ ግን የደንብ ባለቤት ማድረግ ይቻላል።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከላይ ከተባለው የሚከተሉት ነጥቦች ለማንኛውም የዳርቻ ደንብ ረቂቅ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

1ኛ. የዳርቻው ወሰን ከከፍተኛው የውሃ ልክ ተነሥቶ ይለካ፤ በምድር ላይም በችካል ይታወቅ።

2ኛ. ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ተጠቃሚዎቹ በቦታቸው፣ በበጋና በክረምት፣ ይቆጠሩ፤ ይሰሙም።

3ኛ. አንድ ነገር ከመከልከሉ በፊት ምትክ ስፍራው ይዘጋጅ፤ ማጠቢያውና መጸዳጃው ይቅደም።

4ኛ. በማንኛውም የሊዝ ቦታና በውሃው መካከል ያለ ክፍያ የሚታለፍበት የሕዝብ መሄጃ ይተው።

5ኛ. ለበዓላት የሚሆን ሜዳና በቂ መውጫ በፕላኑ ላይ ይመልከት።

6ኛ. ቅጣቱ በምክር ይጀምር፤ ከባዱ መቀጫ ብዙ በሚበክለው ላይ ይውደቅ፤ ገንዘቡም ለዚያው ዳርቻ ይዋል።

7ኛ. ደንቡ በየጥቂት ዓመቱ ከውሃው መለኪያ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ይታይ።

ከእነዚህ ነጥቦች መካከል ሌላ አዋጅ የሚጠብቅ አንድም የለም። የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው የቦታ ፕላን ይፈርማሉ፣ የፍሳሽ ንድፍ ያጸድቃሉ፣ የሊዝ ካርታ ያዘጋጃሉ፣ ደንብ ያረቅቃሉ። የአንድ ሐይቅ ዳርቻ ለልጅ ልጅ መድረስ አለመድረሱ የሚወሰነው ከጉባኤ አዳራሽ ይልቅ በእነዚያ ጠረጴዛዎች ላይ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከአባላቱ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ዳርቻ የሚነካ ካርታ ቢቀርብ፣ ከፊርማው በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ የመስከረሙ ውሃ የት ይደርሳል? ሰውስ በየት በኩል ያልፋል?